ቤቴን ለአስተዳዳሪ ድርጅት ልስጥ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ያለው ግቢ አለኝ፤ የምኖረው ግን አዲስ አበባ ነው። እስካሁን ተከራይ የሚያመጣልኝ ደላላ ነበር። አሁን አንድ ድርጅት ኪራዩን እየሰበሰበ፣ ጥገናውንም እያሠራ በወር 10 በመቶ ሊወስድ ይፈልጋል። ጠቅላላ ውክልናም ጠይቀውኛል። ልስማማ?

መልስ፦ በመቶኛው ከመከራከርዎ በፊት ከምን ላይ እንደሚታሰብ ይጠይቁ። ግቢው ሲሞላ 30,000 ብር ያስገባል እንበል። ሁለት ክፍል ባዶ ሆኖ 24,000 ከተሰበሰበ ክፍያቸው 2,400 እንጂ 3,000 አይደለም። ውሉ «ከተሰበሰበው ኪራይ» ይበል። አዲስ ተከራይ ባመጡ ቁጥር የአንድ ወር ኪራይ እንዲከፈላቸው ከጠየቁ ግን አይፈርሙ፤ ተከራይ ሲወጣ የሚጠቀም ሰው ተከራይ እንዲቆይ አይደክምም። ቢያንስ ዓመት ሳይሞላው የወጣውን ተከራይ ድርጅቱ በነፃ ይተካ።

ውክልናው ላይ አደራ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ማስጠገን፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ያልበለጠ የኪራይ ውል መዋዋል። ቤት መሸጥና ማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ጉዳቱ የሚመጣው በተዘጋጀው ጽሑፍ መሐል «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ» የሚሉ ቃላት ተሰግስገው ሲፈረምባቸው ነው። ያስወጧቸው፤ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት የሚለውንም ጭምር። ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ሂሳብ ይግባ፣ የእነሱን ድርሻ እርስዎ ይክፈሉ።

ለጥገና ጣሪያ ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ እስከ 2,000 ብር ድርጅቱ እርስዎን ሳይጠይቅ ያሠራ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ፎቶና የሁለት ባለሙያ ዋጋ ይላክልዎት። ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን፣ ለግብርም ይፈለጋል።

ሰርቪሶቹ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። የሮቶው ፍሎት ሲበላሽ ውሃው ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል፣ ሂሳቡ ለአራቱ ሲካፈል ደግሞ ማንም እሺ አይልም። ለየክፍሉ መለኪያ ያስገጥሙ። ርክክብ ሲደረግ የቆጣሪው ንባብ ተጽፎ ተከራዩ ይፈርምበት።

የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ ከመዋዋልዎ በፊት ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ።

ካልተስማማዎት ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላሉ። የሻሩ ዕለት ታዲያ ለድርጅቱም ለእያንዳንዱ ተከራይም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያልሰማ ተከራይ ለቀድሞው ወኪል ከፍሎ ይጠብቅዎታል።