ኒሰን፣ ቱፔ ወይስ ማግኔቱ? ከሁሉም በፊት ምርመራው

ሰላም እህቴ። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት ወስደሽ ቃሩ ቢበርድልሽም፣ ጋደም ስትዪ ወደ ጉሮሮሽ የሚወጣው ፈሳሽ እንዳልተወሽ፣ ሐኪምሽም ኦፕሬሽን እንዳነሳልሽ ጽፈሻል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ከሚደረጉት ኦፕሬሽኖች፣ ከኒሰን፣ ከቱፔና ከማግኔቱ የቱ ይሻላል ነው ጥያቄሽ። እኔ ቱፔ ተሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊትም ሦስቱን ደጋግሜ አመዛዝኛለሁ። አጥብቄ የማምነው የኦፕሬሽኑን ዓይነት የሚመርጠው የምርመራው ውጤት መሆኑን ነው። የሌላ ሰው ምስክርነት፣ የእኔም ጭምር፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረገው ምርመራ) ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። መድኃኒቱ ተቋርጦ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ወደ ላይ የሚመለሰው አሲድ ይለካል። ማኖሜትሪ ደግሞ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧሽ ጡንቻ ምን ያህል እንደሚገፋ ያሳያል። ምቾት የለውም፣ ግን አደራሽን አትዝለዪው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ መድኃኒት ቃራቸውን አላስቆመውም ተብለው ከተላኩ 366 ሰዎች ሕክምናዎቹን ለማወዳደር የቀሩት 78 ብቻ ነበሩ። 42ቱ ኦሜፕራዞልን በአግባቡ ሲወስዱ ተሻላቸው። 99ኙ ደግሞ ቃር ይሰማቸው እንጂ መነሻው የአሲድ መመለስ አልነበረም፤ ኦፕሬሽን ቢደረግላቸው ምን ይጠቅማቸው ነበር? ተጣርተው ኦፕሬሽን ከደረሳቸው 27 ሰዎች ግን 18ቱ ተሻሻሉ።

ኒሰን የጨጓራውን የላይኛ ክፍል በምግብ ቧንቧው ግርጌ ዙሪያውን፣ 360 ዲግሪ ይጠመጥመዋል። አሲዱን በደንብ ያግዳል። ችግሩ ጥብቀቱ ነው፦ ግሳት እምቢ ይላል፣ ሆድ ይነፋል፣ አንዳንዱ ሰው ማስመለስም ያቅተዋል። ቱፔ ከኋላ በኩል 270 ዲግሪ ያህል ዞሮ ፊቱን ክፍት ይተዋል። የእኔ ማኖሜትሪ የደከመ ጡንቻ ስላሳየ ሐኪሜ ቱፔን መከረኝ፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ሲነቃ የሚያስደነግጠው የትከሻ ሕመም ነው፤ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራ ኦፕሬሽን) ጊዜ ሆድ ውስጥ ከሚነፋው ጋዝ የሚመጣ ስለሆነ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፈሳሽና በለስላሳ ምግብ ነው የሚያልፉት፤ እብጠቱ እስኪቀንስ ጉርሻው ደረት ላይ ቆም ይላል። ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ቶሎ ተናገሪ፤ ኃይለኛ ትውከት ስፌቱን ሊጎዳው ይችላል። እኔ አሁን አገሳለሁ፣ ሌሊት ጋደም ብዬ እተኛለሁ፤ ሆዴ ግን ከድሮው ይልቅ ይነፋል።

ማግኔቱ፣ ሊንክስ የሚባለው፣ በውስጣቸው ማግኔት ያለባቸው የታይታንየም ዶቃዎች ቀለበት ነው። ስትውጪ ይከፈታል፣ ከዚያ ይገጥማል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ግሳትና ማስመለስ ከኒሰን ይልቅ ይቀላሉ፤ መዋጥ ግን ብዙዎችን መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ባዕድ ነገር በመሆኑ አልፎ አልፎ መውጣት ግድ ይሆናል፤ ኤም አር አይ ላይም ገደብ አለው። ሌላ ሕመም ኖሮብሽ ኤም አር አይ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ይህን አስቀድመሽ አንሺ።

ሆድ ሳይከፈት በአፍ በኩል የሚሠራም አለ፤ ሂያታል ሄርኒያሽ (የጨጓራው ጫፍ ወደ ደረት የወጣበት) ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ግን ብቻውን አይበቃም። ክብደትሽ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ስለ ጋስትሪክ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ የክብደት መቀነሻ ኦፕሬሽን) ጠይቂ። ጨጓራን ቆርጦ የሚያጠበው ስሊቭ ግን የአሲድ መመለስን ሊያባብስ ይችላል።

ለዘለቄታው ብለሽ ከሆነ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት 2,655 ኦፕሬሽን የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትሎ 17.7 በመቶው ላይ ችግሩ እንደተመለሰ አሳይቷል። አብዛኞቹ ወደ መድኃኒት ተመለሱ፣ ጥቂቶቹ ዳግም ኦፕሬሽን አስፈለጋቸው። ስለዚህ ሐኪምሽን በዓመት ስንት እንደሚሠራ፣ ቢፈታ ደግሞ ማን እንደሚያስተካክለው ጠይቂው። ምግብ አልወርድ ካለሽ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ ወይም ጥቁር ሰገራ ካየሽ ግን የኦፕሬሽን ምርጫውን ትተሽ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ታዪ።