ደሴን ለሚለምዱ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን፣ ወደ ደሴ አዲስ የገቡም ሆኑ ተወልደው ያደጉባት አንባቢዎቻችን ስለ ከተማዋ ልማድ ግር የሚላቸውን እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ገሚሱ ስለ ቡና ናቸውና ከዚያው እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ከሐዋሳ ወደ ደሴ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ሆጤ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ጎረቤቶቼ በየቀኑ ቡና ይጠሩኛል። አንድ ቀን አንድ ስኒ ጠጥቼና አመስግኜ፣ ልብስ ልጠብ ብዬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አከራዬ ፊታቸው ጠቁሮብኛል። ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ፤ በቡናው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አሚን ልበል ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እኅታችን፣ አከራይዎ የተቀየሙት በአቦል ስለ ተነሡባቸው ነው። በወሎ ቡና ተፈላ ማለት ሦስት ጊዜ ይቀዳል ማለት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስሞቹ ከዐረብኛ እንደ መጡ ይታመናል፤ አወል መጀመሪያ፣ ሳኒ ሁለተኛ፣ በረካ ደግሞ በረከት ነው። ጀበናው ውሃ እየተጨመረበት ቡናው በቀጠነ ቁጥር ጨዋታው እየወፈረ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ወሬ በአቦል ይጀመራል፣ ታማሚ የሚጠየቅበትና የተጣላ የሚታረቅበት ቀጠሮ በቶና ይያዛል፣ በበረካ ሁሉም ተመራርቆ ይለያያል። በአቦል የተነሣ ሰው ቡናውን ጠጥቶ በረከቱን ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል፤ ባለ ቡናዋም ሌሊቱን የምታሳልፈው «ቡናዬ አልጣማት ይሆን? ወይስ ያስቀየምኳት ነገር አለ?» እያለች ነው።

ይህ ማለት ግን ሥራ ያለው ሰው የግድ እስከ በረካ ይታሰራል ማለት አይደለም። ጥበቡ ከመቀመጥ በፊት መናገር ነው። «ዛሬ እስከ አቦል ብቻ ነኝ፤ መርቁኝና ልሂድ» ብለው ከገቡ፣ ታላቂቱ ሴት ምርቃቱን ለእርስዎ ብቻ ቀድመው ያወርዱልዎታል፤ ማንም አይቀየምም። አሁን ለተፈጠረው ቅሬታ ደግሞ ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝተው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አከራይዎ ቤት ይሂዱ፤ ስለ ያለፈው ምንም ሳያነሡ ቡናው ሲቆላ ጭሱን ያሽትቱ፣ ቆሎውን ይቆርጥሙ፣ እስከ በረካ ይቀመጡ። ተራው ሲደርስዎ እርስዎም ጎረቤቶችዎን ይጥሩ፤ ሁልጊዜ ተጠሪ መሆንም በበኩሉ ያስወቅሳል። የቡና ቁርሱ ረቡዕና ዓርብ ላይ የሚውል ከሆነ ቅቤ እንዳይነካው የሚጠነቀቁት ሙስሊሞቹ ጎረቤቶችዎ መሆናቸውን ሲያዩ አይደነቁ። ስኳር ከመጠየቅዎ በፊትም ይቅመሱ፤ ቡናን በጨው የሚጠጣ ቤት በወሎ ብዙ ነው።

ስለ ዱአው፣ አሚንና አሜን የአንድ ቃል ሁለት አጠራር ስለሆኑ እንደ ለመዱት አሜን ይበሉ። በቡና ላይ የሚወርደው ምርቃት ዝናም በወቅቱ እንዲጥል፣ አገር ሰላም እንዲሆን፣ የወለደች እንድታሳድግና ቤቱ እንግዳ እንዳያጣ የሚለምን ነው፤ ከዚህ ውስጥ ክርስቲያን የማይመኘው አንድም ነገር አላገኘሁም። ክርስቲያን ሽማግሌ ካለም ተራው ይሰጠዋል። የእኔ እናት ማዕተባቸውን ያሰሩ ሴት ነበሩ፤ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዱአ ሲያስረዝሙ «እትዬ፣ ፈጣሪ ሰምቷል፤ ቡናው በረደ» ብሎ የማቋረጥ ሥልጣን የነበራቸው ግን በሰፈሩ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እርስዎ በአራት ወር እዚያ ደረጃ አይደርሱምና አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ «አብሽር» ይለኛል። የባጃጅ ሾፌሩ መልስ ሲያጣ አብሽር፣ ነርሷ መርፌ ስትወጋኝ አብሽር፣ ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ሳያደርስ ሲቀር አብሽር። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ጥሬ ፍቺው ደስ ይበልህ፣ በጎ ዜና ተቀበል የሚል ሲሆን በእኛ ዘንድ አይዞህ፣ ችግር የለም ለማለት ያገለግላል። ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ ሰው አብሽሩ ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። የከተማዋ ስም ራሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ፣ ብለው እንደ ሰየሙት ይተረካል፤ ስለዚህ ስሟ ደስታዬ የሆነ ከተማ ደስ ይበልህ እያለች ብታጽናናዎት ያምርባታል። ልብስ ሰፊው «ነገ ይደርሳል፣ አብሽር» ካለዎት ግን ሱሪው ነገ እንደማይደርስ ይወቁ።

ጥያቄ፦ ዕቃ በሞተር አደርሳለሁ። ደንበኞች «ሐሙስ ሰኞ ገበያ እንገናኝ» ሲሉኝ ቀኑን የተሳሳቱ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። አድራሻ አነጋገራችሁን ብታስረዱኝ?

መልስ፦ ሰኞ ገበያ የሰፈር ስም ነው፤ በየትኛውም ቀን ይሄዱበታል። ሸዋ በር ወደ ሸዋ የሚያስወጣው አቅጣጫ ነው፤ ፒያሳ ከጣሊያን ቋንቋ የቀረ ስም ነው፤ ቧንቧ ውሃና አረብ ገንዳም እንደዚሁ ሰፈሮች ናቸው። ደሴ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች፣ ደንበኛው «ትንሽ ወደ ላይ» ሲልዎት ወደ ጦሳ ማለቱ እንደሆነ ይገምቱ። ትንሽ የተባለው ዳገት ግን ሞተርዎን እንደሚያስጮኽ አስቀድመን እንነግርዎታለን። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ጦሳ ራሱ ስለሚጠፋ ያን ጊዜ ስልክ መደወል ይሻላል። ጃኬት አይለይዎት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናትና፣ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የሚለበሰውና ሲወርዱ የሚወለቀው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የግል ድርጅት ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ፤ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። ሰፈሬ ያለው ቅሬ አባል ሆኛለሁ። በቅርቡ አንድ ሙስሊም ጎረቤት አርፈው ሥራ ላይ ስለነበርኩ ቀብር ባለመገኘቴ ተቀጣሁ። የእኔ እምነት ላልሆነ ሰው ቀብር መቀጣት ተገቢ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመርሕ ደረጃ ቅጣቱ ተገቢ ነው። ቅሬ በሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር የምንለው ነው፤ የወሎ ቅሬ በሰፈር የሚቋቋም በመሆኑ የጎረቤት ሃይማኖት አባልነቱን አይለውጠውም። የሞት መርዶ ሲነገር ወንዶቹ ወደ መቃብር ቁፋሮ፣ ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ይዘው ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ሶላተል ጀናዛ ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ገለል ብለው ይጠብቃሉ፤ ክርስቲያን ከሆነ ፍትሐቱ እስኪያበቃ ሙስሊሞቹ ከቅጽሩ ዳር ይቆያሉ፤ አካፋውና ዶማው ግን የጋራ ነው። እርስዎ ነገ ቢቸገሩ የመጀመሪያውን ዶማ የሚያነሣው ያ ያልቀበሩት ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን አንድ ነጥብ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የብዙ ቅሬዎች ደንብ የወጣው ሰው ሁሉ በገዛ እርሻው ወይም በገዛ ሱቁ በሚውልበት ዘመን ነው፤ የሙስሊም ቀብር ደግሞ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን የሚፈጸም ስለሆነ ፈረቃ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በአለቃው ፈቃድ ብቻ የሚወጣን ሠራተኛ ያለ ምክንያት ከቀረው ጋር እኩል መቅጣት ደንቡ ያልታደሰ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ቅጣቱን ያለ ክርክር ይክፈሉ፤ ለቅሶ ቤቱ ገና ካልተነሣ ሄደው ይቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ተነሥተው የፈረቃ ሠራተኛ ተተኪ ሰው እንዲልክ ወይም አስቀድሞ እንዲያስታውቅ የሚፈቅድ ደንብ እንዲጨመር ይጠይቁ። ሳይከፍሉ ከተናገሩ ሰሚ አያገኙም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ ስሙ ክርስቲያን፣ የአባቱ ስም ሙስሊም፣ የአያቱ ስም እንደገና ክርስቲያን ነው። ይህ በእኛ አካባቢ ለምን በዛ?

መልስ፦ እኛ የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለን የአንድ ሰው መታወቂያ የሦስት ትውልድ ታሪክ በአንድ መስመር ይይዛል። ሃይማኖት በጋብቻም፣ በፍላጎትም፣ በግዴታም በተለዋወጠበት አገር ስሞቹ ይህን ይዘው ይቀራሉ። ግዴታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዝዘዋል፤ መሐመድ ዓሊ የተባሉት የወሎ ገዥም ተጠምቀው ሚካኤል ተብለዋል። በኋላ፣ በ1906 ዓ.ም.፣ ደሴን መቀመጫቸው አድርገው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል እኒሁ ናቸው። ብዙዎች ትእዛዙን ሸሽተው ተሰደዋል። ስለዚህ ስለ ወሎ መቻቻል የምንናገረው ሁሉ ጣፋጭ ጅምር ነበረው ብለህ አታስብ፤ የጓደኛህ ስም የሚያሳየው ከዚያ ሁሉ በኋላ ዘመዳሞች ሳይካካዱ መኖራቸውን ነው። አያቱን ጠይቀው፤ ከእኛ በተሻለ ይነግሩሃል።

ጥያቄ፦ ልጄን በጥር ልድር ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ከተጠሪዎቼ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣችው የሙሽራው እናት «ለምን ሁለት ወጥ ቤት? ዶሮና አትክልት አድርጉና ገላግሉን» ብላ አስጨነቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናታችን፣ ዶሮውም ቢሆን ይታረዳልና መፍትሔዋ አይሠራም። በደሴ ሠርግ ሁለት እርድ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ዓይነት ድስትና ጭልፋ መኖሩ ድሮም የተለመደ ነው። ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ከብት ሙስሊም ጎረቤት ባርኮ ያርዳል፣ የሚያበስሉትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው፤ የእርስዎ ድርሻ ገንዘቡን ማውጣትና ወጥ ቤቱን አለመርገጥ ነው። የመጨረሻው ለባለ ድግስ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ጨው መቅመስ እንኳ አይገባዎትም። ለመጠጡ ከጠላው ጎን ቀሪቦና ብርዝ ይኑር፤ ቀሪቦው ከበቂ በላይ ይጠመቅ፣ ክርስቲያኑም ይጠጣዋልና።

ቀኑን ሲቆርጡ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። ጥር ከዐቢይ ጾም በፊት ስለሆነ፣ ጾመ ነነዌ ካልገባበት ከእኛ ወገን ብዙ አያስቸግርም፤ ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ የሚዞር በመሆኑ መቼ እንደሚገባ ከሙስሊም ጎረቤትዎ ጠይቀው ያረጋግጡ። ግማሹ ተጠሪ በጾም ላይ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ማየት ለባለ ድግስ ውርደት ነው።

የሙሽራውን እናት ደግሞ ከሠርጉ በፊት አንድ ቀን ወደ አይጠየፍ ይውሰዷት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው፤ ስሙም ማንንም የማይጠየፍ ማለት መሆኑን ይንገሯት። ሁለቱም ወገን በአንድ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው ሁለቱም የሚበላው ስላለው እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባታል ብለን እንገምታለን። ካልገባት ግን ክርክሩን ይተዉት፤ ሠርጉ የልጅዎ ነውና ወጪውን ሳትጠይቋት ከቻላችሁ ሁለተኛው ድስት እርሷን አይከብዳትም። የሚያርዱት ጎረቤትዎ ቢላዋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እርስዎ ከዋዜማው ቦታውን ያሳዩዋቸው፤ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ የሚዞሩበት በቂ ስፍራ ከድንኳኑ ገመድ ነጻ ይሁንላቸው።