ባክአፑ አዲሱ ዲስክ ላይ አልመለስ አለኝ

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶ በ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት) አስቀየርኩት። በዊንዶውስ 10 የሠራሁት ሲስተም ኢሜጅ (የዊንዶውስና የፋይሎቼ ሙሉ ቅጂ) ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አለኝ፤ ልመልሰው ስል ግን እምቢ አለ። ፋይሌ 120 ጊጋ እንኳን አይሞላም። የልጆቼ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው፣ ምን ላድርግ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ፎቶዎቹ አልጠፉም። ዊንዶውስ ኢሜጅ ሲመልስ የሚያየው የፋይሉን ብዛት ሳይሆን የዲስኩን መጠን ነው፤ አዲሱ ከድሮው ካነሰ አይቀበልም። ትልቅ ኤስኤስዲ መግዛት ይቻላል፣ እኔ ግን ብርሽን አታውጪ ነው የምልሽ። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጅተሽ እንደ አዲስ ጫኚ፤ ስትጭኚ ኤክስተርናሉን ነቅለሽ አስቀምጪው፣ በስህተት እሱን ፎርማት ማድረግ (ያለበትን ሁሉ ማጥፋት) በጣም ቀላል ነው። የዊንዶውስ ፈቃዱ አያሳስብሽ፤ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ካልተቀየረ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ከዚያ ኤክስተርናሉን ሰክተሽ «ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ» የሚለውን ፎልደር ክፈቺ። ውስጡ ስማቸው በ«ቪኤችዲኤክስ» የሚያልቅ ፋይሎች አሉ፤ ትልቁን ደብል ክሊክ ስታደርጊ እንደ አንድ ድራይቭ ይከፈታል፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ገብተሽ ፎቶዎቹን ኮፒ ታደርጊያለሽ። ፕሮግራሞቹን ግን እንደገና መጫን ግድ ነው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መከፈታቸውን ሳታዪ ኢሜጁን እንዳታጠፊው።