ማህበረሰብ ፖሊስ ነበርኩ፤ ስለ ልጆች ጠይቁኝ

አዲስ አበባ ነው የሠራሁት፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ልጅ እየመከራችሁ ወሬ አታውጣጡት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ የ14 ዓመት ልጄ ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ከትልልቆቹ ጋር ያሳድሩታል?
መልስ፦ አይችሉም፣ እህቴ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ ይላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም። ፖሊስ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ክርክሩ የሚነሳው ዕድሜ ላይ ነውና የልደት ወይም የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ።

ጨርቆስ፦ ወጣቱን እንዴት እናድነው?
መልስ፦ የትኛውን ወጣት?

ሊስትሮ ነበርኩ፦ በረንዳ የሚያድር ልጅ ፖሊስ ሲያይ ይሮጣል። እንዴት ቀረብካቸው?
መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! አንዱ ልጅ ማስቲሹን በሹራቡ እጅጌ ደብቆ ጫማ ይጠርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አስጠርጋለሁ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግራውን ጫማ አብርቶ ዕቃውን ሰበሰበ። «ቀኙስ?» ስለው «ነገ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በአንድ እግር አቧራ ይዤ ዋልኩ፣ አለቃዬም ተቆጣኝ። በማግስቱ ስሙን ራሱ ነገረኝ። ያን ቀን «ስልክ የሚሰርቀው ማነው?» ብዬው ቢሆን ኖሮ ሠፈር ይቀይር ነበር። ደግሜ እላለሁ፣ ወሬ አታውጣጡ።

የድሮ ሰው፦ በእኛ ጊዜ መካሪው ኩርኩም ነበር።
ሊስትሮ ነበርኩ፦ እኔን ከቤት ያስወጣኝ እሱ ኩርኩም ነው፣ አባባ።
የድሮ ሰው፦ ሰው ግን ሆነሃል።
ሊስትሮ ነበርኩ፦ በኩርኩሙ አይደለም!
መልስ፦ ተዉት፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ቦሌ፦ ኳስ ሜዳ ቢሠራላቸውስ?
መልስ፦ ጥሩ ነው። ሲመሽ ግን የት ያድራሉ?

መርካቶ፦ የ13 ዓመት ልጅ ይታሰራል?
መልስ፦ ለእናትየው የመለስኩትን አንብብ እንጂ ወንድሜ!

የሁለት ልጆች እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ካርዱን አግኝቼ እየሄድኩ ነው። ያ ጫማ ጠራጊው ልጅ አሁን የት ደረሰ?
መልስ፦ እሱን አልናገርም። አንቺ ሂጂ፣ ሳይመሽ ድረሺ።