የመጪው ዓመት አበባ በቅጠሉ ነው የሚሠራው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመታት ትዝ አሉኝ። አማሪሊስሽ በገዛሽው ዓመት በአራት ትልልቅ ቀይ አበቦች ደምቆ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ እንዳወጣ ጽፈሻል። ያ አበባ ከጠወለገ ወዲህ በየዓመቱ ቅጠሎቹን ከሥራቸው ቆርጠሽ ኮረቱን ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደምታስቀምጪም ነግረሽናል። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ሦስት ኮረቶች አክስቼ ሁለቱ ሞተውብኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ሽንኩርት የመሰለ ኮረት እንደ ስንቅ ቋጠሮ ቁጠሪው። ስትገዢው ስንቁን አምራቹ ሞልቶልሻል። አበባው ያንን ስንቅ በልቶ ይወጣል፤ ሲያበቃ ኮረቱን በጣትሽ ብትጫኚው ለስለስ ብሎ ታገኚዋለሽ። መልሶ የሚሞላው ቅጠሉ ነው። ደግሞም አማሪሊስ አራት ያህል ቅጠል ባበቀለ ቁጥር በኮረቱ ውስጥ አንድ የአበባ ዘንግ ይጸነሳል፤ ይህም ጽንስ ብቅ እስኪል አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ለውስጥ ያድጋል። ቅጠሉን ገና ለምለም ሳለ ስትቆርጪ ያልተወለደውን አበባ ትቆርጫለሽ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቅጠል እቆጥራለሁ። ባለፈው ጊዜ ሁለት ዘንግ የሰጠኝ ኮረት ቀደም ሲል ዘጠኝ ቅጠል ነበረው።

ስለዚህ አበቦቹ ሲጠወልጉ ከጀርባቸው ካለው አረንጓዴ እብጠት ጋር ቁረጫቸው፤ ዘር ማፍራት ኮረቱን ያደክመዋል። ዘንጉን ግን ቢጫ እስኪሆን ተዪው፤ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ እሱም ምግብ ይሠራል። ከዚያ ተክሉን ብርሃን በብዛት ወደሚያገኝበት ቦታ ውሰጂው። ወደ ደጅ የምታወጪው ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ይቆይ፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ያወጣሁት የእኔ ተክል ቅጠሉ በሦስት ቀን ተቃጥሏል። የላይኛው አፈር ሲደርቅ አጠጪው፤ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ የፈሳሽ ማዳበሪያ ስጪው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ብቻ ስለሚያፋፋ ፖታሲየም ያለውን ምረጪ።

ቢያንስ ስድስት ወር እንዲህ ካደገ በኋላ ውኃውን ቀስ በቀስ አቁሚ። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ይጠውልግ። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይረፍ። እንደ ፓፒሊዮ ያሉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን የማይጥሉ ዓይነቶች ግን ፈጽሞ መድረቅ የለባቸውም።

ስታነቂው የላይኛውን አፈር ቀይረሽ ወደ ሞቃት ቦታ አምጪው። አንድ ጊዜ አጠጪውና እንቡጡ ብቅ እስኪል እጅሽን ሰብስቢ። ብዙ ሰው ኮረቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሥሩ ገና ሳይሠራ ውኃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል። መትከያውም አይስፋ፤ በኮረቱና በጠርዙ መካከል 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ የኮረቱም ሲሶ ከአፈር በላይ ይሁን። ሥሩ መነካካት ስለማይወድ እኔ በየሦስት ዓመቱ ብቻ ነው የማዛውረው።

ምክሮች የሚጋጩብሽ በስሙ የተነሣም ነው። አማሪሊስ እያልን በቤት የምናሳድገው የደቡብ አሜሪካው ሂፒአስትረም ነው። እውነተኛው አማሪሊስ የደቡብ አፍሪካ ተክል ሲሆን ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ባዶውን ያብባል። የአንዱ አያያዝ ለሌላው አይሆንም።

አሁን የኮረትሽን ወገብ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ። ዙሪያው ከ20 ሴንቲሜትር በታች ከወረደ በዚህ ዓመት አበባ አትጠብቂ፤ ሳታስተኚው በብርሃንና በማዳበሪያ አወፍሪው። ቅጠሉ ላይ ቀይ ቁስል የሚመስል ነጠብጣብ ካየሽ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የተጎዳውን ቆርጠሽ ጣይ፤ ውኃም ቅጠሉ ላይ አታፍስሺ። ኮረቱ መርዛማ ስለሆነ ልጆችና የቤት እንስሳት እንዳይደርሱበት አደራ። ልኩንና የቅጠሉን ቁጥር ጻፊልኝ፤ ዘንድሮ ይረፍ ወይስ ማደጉን ይቀጥል የሚለውን አብረን እናያለን።