አስፓልቱን በጣራ ሸፍኑልን ብሎ መክሰስ ይቻላል ወይ?

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንዲት እህት ጽፈውልኛል። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠቅስም፣ ጉዳዩ ግን የብዙ ሰው ስለሆነ መልሱን እዚሁ ላድርገው። ባጭሩ እንዲህ ነው የሚሉት፦ "ጋሼ፣ በሰፈራችን መሀል የሚያልፈው ዋናው አስፓልት ሲሰፋ መሀሉ ላይ ኮንክሪት ተደረደረበት፣ ድሮ ቀጥ ብለን ምንሻገረውን አሁን እስከ መዞሪያው ሄደን ነው ምንመለሰው። ልጄ የምትማረው ማዶ ነው፣ የእናቴ ቅሬ ማዶ ነው፣ ፌርማታውም ተነስቶ ርቋል፣ ሱቄም ደንበኛ አጣ። ወንድሜ ሀምቡርግ ነው ያለው፣ እዛ አውቶባኑን (ፈጣን መንገዱን) በጣራ ሸፍነው ከላዩ መናፈሻ አደረጉበት፣ የተለያየው ሰፈር ተገናኘ ይለኛል። እኛስ በህግ ማስገደድ አንችልም ወይ?"

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። የቅሬው ነገር ነው እኔን የነካኝ። ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፣ እኛ ወሎዎች ግን ቅሬ ስንል መቅበሩን ብቻ አደለም፣ ሰው ሲሞት ማን ቀድሞ ይደርሳል የሚለው ነው፣ እና አንዲት ትልቅ ሴት ምርኩዝ ይዛ በሲኖትራክና በተሳቢ መሀል ለቅሶ ለመድረስ ስትለፋ ይታየኛል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው ጭነት ኮምቦልቻን ሳይነካ አያልፍም፣ ስለዚ የናንተ አስፓልት የሰፈር መንገድም የአገር መንገድም ነው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው ያለው።

ቁርጡን ልንገርዎት፣ ጣራውን በክስ አያመጡትም። ይሄን አይነት ግንባታ ስራ ብሎ አስፈጻሚውን የሚያስገድድ ህግ የለንም፣ ዲዛይንና በጀት ደግሞ ፍርድ ቤት ተቀምጦ የሚወስነው ነገር አደለም። እንደዛ ብለው ፋይል ቢከፍቱ ለዳኝነትና ለጠበቃ ገንዘብ ያወጣሉ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም፣ እኔም ያን ክስ አልይዝም። ደሞ መሸፈኑ የሚመቸው መንገዱ ከሰፈሩ ወለል ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ነው፣ የእናንተ መንገድ ከደጃፍዎ እኩል ነው ካሉኝ ጣራ ማለት መጀመሪያ አስፓልቱን ቆፍሮ ማውረድ ማለት ነው።

ግን የወንድምዎ ወሬ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ምናልባት እሱ ራሱ አላስተዋለው ይሆናል። ሀምቡርግ ላይ ኤ7 የሚባለው አውቶባን የተሸፈነው ሰው ስላለቀሰ ብቻ አደለም። መንገዱን ከ6 ወደ 8 መስመር ሊያሰፉት ሲነሱ የጀርመን ህግ መንገድ ካሰፋህ አጠገቡ ለሚኖረው ሰው ከድምፅ መከላከያ ማድረግ አለብህ ይላል፣ ያ ግዴታ ነው በሩን የከፈተው። ከዛ ከተማው እንደዚያ ከሆነማ ጣራው ይርዘም ብሎ የራሱን ገንዘብ ጨመረበት፣ ገንዘቡንም መሬት ለቤት ግንባታ እየሸጠ ነው ያገኘው። ሽኔልሰንና ሽቴሊንገን የሚባሉት ሰፈሮች ላይ ተሰርቷል፣ የአልቶናው ብቻ ከ2 ኪሎሜትር በላይ ነው። እና ጥያቄያችን መሆን ያለበት እኛ አገር መንገድ ሲሰፋ የሚቀሰቀስ ግዴታ አለ ወይ ነው። አለ።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 43 ንኡስ 2 ላይ ዜጋ ማህበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሀሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል፣ አንቀጽ 92ም ላይ ይሄው አለ። ይሄ ብቻውን ቢሆን ወረቀት ላይ የቀረ ነው ይሉኝ ነበር፣ ግን የአካባቢ ተጽእኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለፈቃድ አይጀመርም፣ የጥናቱ ሰነድም ለህዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ "ጣራ ስሩልን" አይበል፣ "ይህ መንገድ ሲሰፋ የተሰራውን የአካባቢና የማህበራዊ ተጽእኖ ጥናት ኮፒ ስጡን፣ ምክክር የተደረገበትንም ቃለ ጉባኤ ስጡን" ይበል። ለዚህ ደሞ የመረጃ ነጻነቱ አዋጅ 590/2000 አለልዎት፣ ጥያቄ የቀረበለት መስሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ከከለከለም ምክንያቱን ይጽፋል። ጥናቱ ውስጥ መሻገሪያ ታቅዶ ሳይሰራ ቀርቶ ከሆነ ጉዳያችሁ ልመና መሆኑ ቀረ፣ የገባችሁትን ፈጽሙ ሆነ። ጥናቱ ጭራሽ መሻገሪያ የሚባል ነገር ካላነሳም እሱም ራሱ ማስረጃ ነው። እኔ በሙያዬ እንዳየሁት ሰው ጩኸቱን ይዞ ቢሮ ይገባና ባዶውን ይወጣል፣ ወረቀት ይዞ የገባ ሰው ግን ቢያንስ መልስ ይዞ ይወጣል።

ደብዳቤው ለማን ይጻፍ? ከከተማ ከተማ የሚያገናኘው ዋና መንገድ በአብዛኛው በፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ስር ነው፣ የውስጥ ለውስጡና የኮሪደር ልማቱ ደሞ የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ፌርማታ የት ይሁን የሚለውም የከተማው የትራንስፖርት ቢሮ ጋ ነው የሚያልቀው። ሁለቱ እየተላላኩ እንዳያመላልሷችሁ ለሁለቱም ባንድ ቀን አስገቡ፣ አንዱ ግልባጭ ለሌላው ይሁን። የፌዴራል ተቋም ከሆነ በአስተዳደር ስነ ስርአት አዋጅ 1183/2012 መሰረት ውሳኔውን በጽሁፍና ከነምክንያቱ ነው መስጠት ያለበት፣ በቃል "እናየዋለን" ቢሏችሁ አትቀበሉ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ገቢ ቁጥሩንና ማህተሙን በራሳችሁ ቅጂ ላይ ሳታስመቱ እንዳትወጡ፣ ይሄን ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ አሁንም ሰው ያለ ገቢ ቁጥር ይመጣብኛል።

ድምፁ፣ ጭሱና አቧራው ደሞ ሌላ መንገድ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይ መልሱ ካልጣመው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ "ከቅሬዬ ተለየሁ" የሚለውን ብቻ በዚህ አዋጅ ማስኬድ ይከብዳል፣ ድምፁና ጭሱ ላይ ቁሙ።

ስለ ሱቁ። የካሳ አዋጅ 1161/2011 ከቦታው ሳይነሳ የኢኮኖሚ ጥቅሙ ለተቋረጠበት ሰውም ካሳ ያስባል፣ ግን ይሄ መሬት ከመውሰድ ጋር የተያያዘ ነው። ከደጃፍዎ አንድ ሜትርም ቢሆን ተወስዶ ከሆነ ጠንካራ ነገር አለን፣ ካርታዎንና የግብር ደረሰኝዎን ይያዙ፣ የሽያጩ መውረድ የሚታየው በደረሰኝ ነው። ምንም ሳይነኩብዎት ኮንክሪቱ ብቻ ደንበኛ አራቀብኝ ከሆነ ግን ከባድ ነው፣ ተስፋ ሰጥቼ ላታልልዎት አልፈልግም። ከውል ውጪ ኃላፊነት (ውል ሳይኖር ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂነት) ብለን ብንሞክር እንኳ በፍትሀብሄር ህጉ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በ2 አመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ስለዚ ኮንክሪቱ የተደረደረበትን ቀን ዛሬ ይጻፉት። የመሬት ማስለቀቂያ ትእዛዝ ደርሶዎት ከሆነ ደሞ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ይዘው ቶሎ ይምጡ፣ የአቤቱታው ጊዜ እዛ ላይ በቀን ነው የሚቆጠረው።

ማን ይፈርም ካሉ ቅሬው ይፈርም። ሁለቱም ቅሬ፣ የወዲህም የወዲያም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከነሱ ጋ የልጅዎ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በፍትሀብሄር ስነ ስርአት ህጉ ቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ጥቂቶቹ ለሁሉም ሆነው መክሰስ ይችላሉ፣ ሁላችሁም ስራ ፈታችሁ ችሎት መቀመጥ የለባችሁም። ከዛ በፊት ግን እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በነጻ ነው፣ አስተዳደር ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ስራው ነው።

ምን ትጠይቁ? ኮንክሪቱ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ይከፈት፣ መብራት ያለው መሻገሪያና ፍጥነት መቀነሻ ይሰራ፣ ፌርማታው መሻገሪያው አጠገብ ይመለስ። "የእግረኛ ድልድይ እንሰራላችኋለን" ካሏችሁ ተጠንቀቁ፣ ደረጃ ያለው ድልድይ ለእናትዎ ሌላ ግድግዳ ነው፣ ሰው ከላይ መውጣት ሲደክመው ከስር ይሮጣል። ኢትዮጵያ በአዋጅ 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ኮንቬንሽን መንገድና ትራንስፖርት ለሁሉም ተደራሽ ይሁን ስለሚል ይሄን ደብዳቤው ላይ በስሙ ጥቀሱት፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 9 ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ህግ አካል ነው ይላልና።

ረቂቁን ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ያለክፍያ አየዋለሁ። እናትዎ ከቤት ተነስተው ቅሬው ቤት እስኪደርሱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው በሰአት ለክታችሁ እሱንም ጨምሩበት።