ገንዳው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ፊልተሩን ምን እናድርገው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የቤት ውስጥ ዓሣ

ሰሞኑን የደረሱን የዓሣ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ደጋውም ቆላውም አለበት። ረዘም ያለውን አስቀድመን እንመልስ፣ ሌሎቹ አጠር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት አኳሪየም አለኝ፣ ውስጡ አምስት ጎልድፊሽ። የሥራ ዝውውር ደርሶኝ ወደ ሸዋ ሮቢት ልወርድ ነው፣ ዕቃዬን የምጭነው አይሱዙ ላይ ነው። ጓደኞቼ ውሃውን ግማሽ አድርገህ ዓሣዎቹ እንዳሉበት ጫነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ፊልተሩን ጥሩ አድርጌ አጥቤ በፌስታል ልቋጥረው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝውውሩ የፈለግከው ከሆነ እንኳን ደስ አለህ። ሁለቱንም ግን አታድርግ።

መጀመሪያ የጓደኞችህን ምክር እንየው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ግማሹን ብትቀንሰው እንኳ 50 ኪሎ ውሃ ይዘሃል፣ ጠጠሩና መስታወቱ ሳይቆጠር። ገንዳ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ውሃ እንዲሸከም እንጂ ተጭኖ እየተንገጫገጨ እንዲሄድ አልተሠራም። አይሱዙው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ውሃው ወዲያ ወዲህ እየተላጋ ጎኑን ይመታዋል፣ መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊከን አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ይለቃል፣ አንተ ግን የምታውቀው ሸዋ ሮቢት ደርሰህ፣ ሞልተኸው፣ ተኝተህ ስትነሳ ወለሉ ረጥቦ ስታገኘው ነው። ስለዚህ ባዶ ይሁን። ጠጠሩም ይውጣና በባልዲ ለብቻው ይሂድ። ባዶውን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልለህ (ደብረ ብርሃን ሆነህ ብርድ ልብስ አይጠፋህም መቼም) እንደቆመ ጫነው፣ ላዩ ላይ ምንም አታስቀምጥበት።

ዋናው ነገር ፊልተሩ ነው። ብዙ ሰው ፊልተር ሲባል ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ብቻ ይመስለዋል። ቆሻሻ መያዙ እውነት ነው፣ ዓሣዎችህን በሕይወት ያቆያቸው ግን ስፖንጁ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ይሄኛው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየቀየሩ የሚቻል ነው። ይህ ባክቴሪያ ከባዶ ተነስቶ በበቂ ሁኔታ እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አንተ በጉዞው ዋዜማ አጥበህ ልትጨርሰው ነው።

አትጠበው። እንደቆሸሸ፣ ቡናማው ዝልግልግ እንዳለበት አውጣውና ከራሱ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው። እርጥብ ይሁን፣ አየርም ያግኝ። ባክቴሪያውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ፌስታል ውስጥ ከተህ አፉን ካሰርከው ያለችውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ካኒስተር ፊልተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው፣ ክዳኑ የሚጠብቀው ዓይነት) ያላችሁም ልብ በሉ፣ ውሃ እንደያዘ ከዘጋችሁት ስትከፍቱት የገማ እንቁላል ይሸታችኋል። የባልዲው ክዳን ገርበብ ይበል። ውሃው ስፖንጁን ከሸፈነ ይበቃል። ባልዲው ጥላ ውስጥ ይጓዝ። ደርሰህ ፍራሽ ከማንጠፍህ በፊት ገንዳውን ሙላና ፊልተሩን አስነሳ። እቃ መፍታቱ ይደርሳል።

አሮጌውን ውሃ ሰው እንደ ጠበል ይሳሳለታል። ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ጀሪካን ያህል ይዘህ ውረድ፣ ለውጡ ድንገተኛ እንዳይሆንባቸው ብቻ። ለቀሪው እዚያ ቤቱን የሚከፍትልህ ሰው ካለ በሰፊ በርሜል ቀድቶ ክፍቱን አንድ ቀን ሙሉ ያቆይልህ፣ ከቧንቧው ውሃ ጋር የሚመጣው ክሎሪን ይተናል። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካለህ ማቆየትም አያስፈልግህም።

ዓሣዎቹን ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አታብላቸው። ቢጾሙ ምንም አይሆኑም፣ ከበሉ ግን የሚጓዙበትን ውሃ ያቆሽሹታል። ወፍራም ፕላስቲክ እጥፍ አድርገህ ሲሶውን ውሃ፣ የቀረውን አየር። ሰው ዓሣ የሚፈልገው ውሃ ነው ብሎ ፌስታሉን በውሃ ይሞላዋል፣ መንገድ ላይ የሚያልቅበት ግን አየሩ ነው። ተለቅ ያሉትን ለየብቻ እሰራቸው፣ ከዚያ የፎም ሳጥን ውስጥ። እነሱን አይሱዙው ላይ አትጫን፣ አንተ ጋ ጋቢና ይግቡ።

አሁን ጣርማ በር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ መጀመሪያ ጣርማ በር ድረስ ይወጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዚያ ጣልያን የሠራውን ዋሻ አልፈህ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዝክ ወርደህ ሸዋ ሮቢትን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ታገኛታለህ። የታሰረ ፌስታል ይህን ሁሉ ያውቃል። ዋሻው አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ውጥር ይላል፣ ስለዚህ ስታስረው እስከ መጨረሻው አትንፋው። ታች ስትደርስ ደግሞ ተጨማዶ ታገኘዋለህ። ያፈሰሰ መስሎህ ደንግጠህ አርማንያ ላይ መኪና እንዳታስቆም። የቆላው አየር ጫነው እንጂ አልፈሰሰም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ለምትወጡ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ታች ጥብቅ አድርጋችሁ ያሰራችሁት ላይ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል።

መንገድ ላይ አለመክፈቱ ሌላም ጥቅም አለው። ዓሣው በሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ትንሽ አሲዳማ ይሆናል፣ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመው አሞኒያ ጉዳቱ ይቀንሳል። ስትከፍተው ጋዙ ይወጣና አሞኒያው ጥርስ ያበቅላል። ስለዚህ ስትደርስ ፌስታሉን እንደታሰረ ገንዳው ላይ አንሳፈው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል። ከዚያ ክፈተው፣ የገንዳውን ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ጨምርበትና ዓሣውን በመረብ አንስተህ አስገባ። የፌስታሉን ውሃ ድፋው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትነሳ ፀሐይ ሳትበረታ ትደርሳለህ። ትልቁ ችግር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይመቸዋል። ደብረ ብርሃን ያለ ምንም መሣሪያ ያንደላቀቅከው ዓሣ ቆላ ሲወርድ ውሃው 28 እና ከዚያ በላይ ሊሆንበት ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ዓሣው ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ብዙ ይፈልጋል። ከፍታው በመቀነሱ ያገኘውን ኦክስጅን ሙቀቱ መልሶ ይወስድበታል። የአየር ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሥራ፣ የፊልተሩ ውሃ መውጫ የገንዳውን ገጽ እንዲያንቀሳቅስ አዙረው፣ ክዳኑን አንሳና ትንሽ ቬንትሌተር ውሃው ላይ አንፍስበት። ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። በጣም ከሞቀ ውሃ የቀዘቀዘበትን ሃይላንድ እንደተዘጋ ጣል አድርግበት፣ በረዶ ግን አትጨምር።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልበልህ። አምስት ጎልድፊሽ ለመቶ ሊትር በዝቷል። ሁለቱን ወይም ሦስቱን እዚያው ብርዱ ላይ ላለ ጓደኛህ ስጥ። ይመረቃሉ፣ አንተም ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከደብረ ሲና ነው የምጽፍልህ። የልጅ ልጆቼ ዓሣ ያረባሉ፣ የማጸዳው ግን እኔ ነኝ። ያ ስፖንጅ ጥቁር ብሎ ቢያስጠላኝ በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጥጥ መሰለ። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃው ወተት መሰለብኝ፣ ዓሣዎቹም ላይ ላዩን አፋቸውን ይከፍታሉ። ውሃውን በሙሉ ልድፋው?

መልስ፦ እትዬ፣ እርስዎን የጎዳዎት ንጽሕናዎ ነው። በሙሉ እንዳይደፉት። በረኪና ክሎሪን ነው፣ ከላይ ያወራንለትን ባክቴሪያ ጠራርጎ ገድሎታል። የቀረች ካለችም ፀሐዩ ጨርሷታል። ወተት ያስመሰለው ምግብ ያገኘ ሌላ ባክቴሪያ ሲራባ ነው፣ እሱም ኦክስጅን ይሻማል፣ ዓሣዎቹ ላይ ላዩን የሚያዛጉት ለዚህ ነው።

ስፖንጁ በረኪና በረኪና መሽተቱን እስኪተው ደጋግመው ያለቅልቁት። በየቀኑ ሩቡን ያህል ውሃ ይቀይሩ፣ አንድ ቀን ክፍቱን በቆየ ውሃ። ለመጠጥ ውሃ አጋር የጨመሩበትን ግን አይጠቀሙ፣ እሱም ክሎሪን ነው። አየር ፓምፕ ካለ ሌሊቱንም አይጥፋ። ለሁለት ቀን ምግብ ይከልክሏቸው፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም። ከዚያ በኋላም በቁንጥር ነው፣ በሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ። አዲስ አበባ ዓሣ የሚያረባ ዘመድ ካለ የቆሸሸ ስፖንጁን ቆርጦ በእርጥቡ ይላክልዎት፣ ከእርስዎ ስፖንጅ ጋር አብሮ ሲቀመጥ ባክቴሪያው ቶሎ ይዛመታል። የታመመ ዓሣ ካለበት ቤት ግን አይቀበሉ። ወደፊት ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዱት ውሃ ውስጥ ጭመቅ ጭመቅ አድርገው መመለስ ነው። ጥቁር ይሁን። ይተዉት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ከፍቼ። ፊልተር መግዣ የለኝም። በሃይላንድ ራሴ ልሠራ ነው፣ ውስጡ የምድጃ ከሰል ልክተትበት ወይስ ሬድ አሽ? ከወንዝ ያመጣሁትን ጠጠርስ ገንዳው ውስጥ ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሬድ አሽ! ለቤት መሠረትና ለመንገድ የሚደፋው ያ ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ሁለመናው ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ለባክቴሪያ የተመቸ ቤት ነው። ሌላው ዓለም ይህንኑ ድንጋይ አሽጎ በውድ ይሸጠዋል። ጣት ጫፍ የሚያክለውን ምረጪና ውሃው ቀይ መሆኑን እስኪተው እጠቢው፣ ብዙ ውሃ ይፈጃል። የምድጃ ከሰል ይቅርብሽ። ለፊልተር የሚሸጠው ከሰል በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ነው፣ የምድጃው አመድ ደግሞ የውሃውን ጠባይ ይለውጠዋል።

ሃይላንዱን ወገቡ ላይ ቁረጪው፣ ታችኛውን ክፍል ዙሪያውን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ሬድ አሹን ሙይበትና ላዩን በስፖንጅ ድፈኚው። መሃሉ ላይ ወፈር ያለ ቱቦ ይቁም፣ ቀጭኑ የአየር ቱቦ በዚያ ውስጥ እስከ ታች ይውረድ። አረፋው ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል፣ በምትኩ የገንዳው ውሃ በስፖንጁና በቀዳዳዎቹ በኩል እየተሳበ ይገባል። የአየር ፓምፑን ከገንዳው ከፍ አድርገሽ ስቀይው። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መብራት በሄደ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፓምፑም ሶኬቱም የለም።

ስለ ጠጠሩም ጠይቀሻል። ከወንዝ ያመጣሽው ላይ ሎሚ ጨምቂበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ያጠነክረዋል፣ ተይው።

ጥያቄ፦ ከመንዝ መሃል ሜዳ። ጋፒ ገዝቼ ነበር፣ በኅዳር ብርድ አለቁ። መብራትም እየሄደ ያስቸግራል። ሂተር ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጋፒ 24 እና 25 ዲግሪ ይፈልጋል። በተለምዶ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ሂተር ይባላል፣ ይህ ግን ቤቱ ሞቅ ላለ አገር ነው። መንዝ ላይ እጥፉን አስብ። መብራት ሲሄድ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ግን አየር መግቢያ ተውለት፣ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም አዘጋጅ። መብራቱ ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከዋለ ፊልተሩን ዝም ብለህ አታስነሳው፣ ስፖንጁን አውጥተህ በገንዳው ውሃ ካለቀለቅከው በኋላ ነው። እኔን ካልከኝ ግን ሂተሩን ተወውና ጎልድፊሽ ግዛ። ጠባሴ የሚሰጣቸው ሰው የሚፈልግ አንድ ወንድማችን አለ።